ከሄፓቶ እስከ ቲሩ

ልጅ እያለሁ የአማርኛ አንባቢነቴ ነገሌ ውስጥ የታወቀ ነበር፤ ቢያንስ በእኛ ሰፈር። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አራተኛ ክፍል ሆኜ በዚህ ተኩራርቼ አልጠግብም ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ያው ኩራቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጉድ ሠራኝ።

አዮ፣ እናታችንን የምንጠራት እንዲህ ነው፣ ትኩሳት ለወራት ሲመላለስባት ቆይቶ ሆዷ እያበጠ መጣ። ከትምህርት ቀርቼ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ከደጋ የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ወጣት ነበር። የአዮ አማርኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም ብዬ ስለማምን መሃላቸው ቆምኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ የአልኮሉ ሽታ ያፍናል። ሐኪሙ ከቀኝ ጎኗ፣ ቀጥሎም ከግራዋ ጎድን ሥር ጫን ጫን አድርጎ አየና ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር የሚሞላ ቃል ጻፈ። ማፍጠጤን አይቶ ሳቀ።

«ጎበዝ ተማሪ ትመስያለሽ። በይ ከእኔ ጋር፤ ሄ-ፓ-ቶ።»

«ሄ-ባ-ቶ» አልኩ። እኛ ሰፈር ፖሊሱም ቦሊስ ነበር።

«ፓ! ከንፈርሽን ግጥም አድርጊና ልቀቂው። ሄፓቶ ጉበት ነው፤ ስፕሌኖ ጣፊያ፤ ሜጋሊ መተለቅ። ሄፓቶስፕሌኖሜጋሊ!»

እንደ መዝሙር ደጋገምኩት። ደስታዬ የቆየው ቀጣዩን እስኪናገር ድረስ ነው።

«ሁኔታቸው ጥሩ አይደለም። ሳይውሉ ሳያድሩ አዋሳ መሄድ አለባቸው፤ ንገሪያቸው።»

አዋሳ! የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ባል ለሕክምና አዋሳ ሄደው የተመለሰው ሬሳቸው ነበር። አዮ «ማል ጄዴ?» አለችኝ፤ ምን አለ ማለቷ ነው። ብናገር እናቴን አጣለሁ። ዝም እንዳልል ሐኪሙ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። መግቢያ መውጫ አጣሁ። ልዋሽ ቆረጥኩ፤ ግን በኦሮምኛ፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ እናቴን መዋሸት አቃተኝ። በአማርኛ «ጥሩ ነው» አልኳት።

አዮ እጇን ቀኝ ጎኗ ላይ አሳርፋ «ቲሩ?» አለች። ቲሩ በኦሮምኛ ጉበት ነው። ሐኪሙ ደግሞ ጥሩ ያለች መስሎት «ኧረ ጥሩ አይደለም እናቴ! አዋሳ፣ አዋሳ!» አለ፣ እጁን ወደ መንገዱ እየዘረጋ። ውሸቴ እዚያው ቀረ። አዮ በማግስቱ ከአጎቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፈረች። ከሁለት ወር በኋላ ሆዷ ጎድሎ፣ በእግሯ እየሄደች ተመለሰች።

ዛሬ ነገሌ ውስጥ ሐኪሞቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ እናትና ሐኪም መሃል የሚቆም ልጅ አላይም። ደስ ይለኛል፤ እንደዚያን ቀን ግን እናቴን ተጠግቻት ቆሜ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አዮን ለምርመራ ወስጃት ተራ ስንጠብቅ፣ ስንት ዘመን ያነቀኝን ነገር አወጣሁት። ያን ጊዜ ዋሽቼሽ ነበር፤ ደግነቱ «ጥሩ»ን «ቲሩ» ብለሽ ሰማሽው አልኳት።

አዮ ሳቀች። በኦሮምኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ተቀምጬ ወተት ስሸጥ ጥሩ ማለት ጠፍቶኝ ነው? አዋሳ ሲልም ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ጥሩ ነው የምትይኝ እንባሽ እየወረደ ነበር። አውቄ ቲሩ አልኩ እንጂ፣ ሰው ፊት ውሸታም ላድርግሽ?»

ማልቀሴን እኔ አላውቅም ነበር።