መንገድ የዘጋ ማዕድ

ያቺን ሴትዮ ተመልከቱልኝ። አውራ ጎዳናው መሀል ላይ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ባለ ብዙ ቀለሙን የሃይማኖት ባንዲራ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያውለበለበች የቆመችው ጉናሲሊ ናት። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ቢያንባርቅባት ንቅንቅ አትልም። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አካ፣ እባክሽ ረፍዶብኛል!» ይላታል። አካ ማለት ታላቅ እህቴ ማለት ነው።

«ለጽድቅ ይረፍዳል እንዴ፣ ማሊ? ውረድ፣ ሩዙ እየበረደ ነው!»

ማሊ ማለት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ። እንደ እሷ በታናሽ ወንድሟ ላይ የጨከነች ታላቅ እህት ግን አልታየችም። ሹፌሩ ይወርዳል፣ ረዳቱ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል፤ ይሰለፋል፤ ይበላል። የቡድሃ ልደት በሚከበርበት በቬሳክ ሙሉ ጨረቃ፣ በሄንወላ መንደር በኩል ሳይበላ ያለፈ ሰው የለም።

ማዕዱ ዳንሰላ ይባላል፤ ለአላፊ አግዳሚ በነጻ የሚቀርብ ነው። መልካም ነገር ነው፣ ማን ክፉ አለው? ክፋቱ የላይኛው መንደርም ዳንሰላ ያለው መሆኑ ነው። የላይኞቹ ሩዝና ምስር ካበሉ ሄንወላዎች ሩዝ፣ ምስርና የተጠበሰ ደበርጃን ያበላሉ። ሄንወላዎች ጭማቂ ካጠጡ የላይኞቹ በቀጣዩ ዓመት አይስክሬም ያመጣሉ። ማን ስንት አውቶቡስ አስቆመ የሚለው ወሬ እስከሚቀጥለው ቬሳክ ድረስ ሻይ ቤቱን ያደምቀዋል። ማን ስንት ርሃብተኛ አበላ ብሎ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ቡድሃ ርኅራኄን ያስተማረው ከማስተዋል ጋር አጣምሮ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ርኅራኄውን ለድስቱ ወሰዱና ማስተዋሉን ለመነኩሴው ተዉለት።

ጉናሲሊን አትፍረዱባት፤ ወይም ፍረዱባት፣ ግን ኑሮዋን እወቁት። ገና ጎህ ሳይቀድ የጎማ ዛፍ ቅርፊት እየቧጨረች፣ ወተት የሚመስለውን ፈሳሹን በቅል እያጠራቀመች የምትኖር መበለት ናት። የእርሻው አለቃ ስሟን አያውቀውም፤ የሱቁ ሰውዬ ሌላውን ሁሉ ካስተናገደ በኋላ ነው ዞር ብሎ የሚያያት። ዓመቱን ሙሉ ማንም ጆሮ የማይሰጣት ሴት በቬሳክ ቀን እጇን ስታነሳ አውቶቡስ ቀጥ ይላል። ይህን የቀመሰ ሰው በቀላሉ ባንዲራውን አያስቀምጥም። «ስኳር አለብኝ» የሚል መንገደኛ ሲገጥማት፣ «የቬሳክ ስኳር ደም ውስጥ አይገባም!» ብላ ጣፋጩን ጭማቂ ትግተዋለች። ታናሽ እህቷ ሶማላታም ስኳር ነበረባት። እሷንም ግታታለች።

በዚያ ዓመት በበዓሉ ጠዋት፣ ጉናሲሊ ባንዲራዋን አንግባ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እንዳስቆመች ስልኳ ጮኸ። ሶማላታ ናት፣ ከከተማው ሆስፒታል። የእግር ጣቷ ቁስል መርቅዟል፤ ሐኪሙ ዛሬውኑ ጣቱ ይቆረጥ፣ ካልሆነ መርዙ ሽቅብ ይወጣል ብሏል።

«አካ፣ መጥተሽ እጄን ካልያዝሽኝ ቢላዋ ፊት አልቀርብም። ማልኩ!»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ዳንሰላ ነው፣ ናንጊ» አለች ጉናሲሊ።

ናንጊ ታናሽ እህት ናት። ናንጊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። የስልኩ መዘጋት ጉናሲሊን ከጥፊ በላይ አነቃት። ባንዲራዋን ለዳንሰላው ኮሚቴ ሰብሳቢ ለዊጀፓላ አስጨበጠችው።

«አካ ጉናሲሊ፣ አንቺ ከሄድሽማ የላይኞቹ ጉድ ሊሠሩን ነው!» አለ ዊጀፓላ፣ ሰው የሞተበት ያህል ደንግጦ።

እሷ ግን ራሷ ባስቆመችው አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። መቀመጡንስ ተቀመጠች፤ ሹፌሩ የት አለ? እየበላ ነው። ተሳፋሪውስ? እየበላ። ወርዳ «ቶሎ በሉ!» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰና ዋጠችው። ዊጀፓላ ጭልፋውን ይዞ «ኧረ ይደገም፣ ይደገም!» ይላል፤ እንዲህ ማለትን ያስተማረችው እሷ ናት። ድምፅ ማጉያው «ፍጡር ሁሉ ከሥቃይ ይዳን፣ ፍጡር ሁሉ ሰላም ያግኝ» የሚለውን የተቀረጸ የመነኩሴ ጸሎት ደግሞ ደጋግሞ ያሰማል።

ተነሡ። እፎይ ሳትል የላይኛው መንደር። ሩዝ። እንደገና ወረዱ፣ እንደገና ተሰለፉ። ከዚያ ወዲያ ባለው መታጠፊያ ደግሞ የተቀቀለ ካሳቫ፤ አንድ ጎረምሳ ትሪ ተሸክሞ አውቶቡሱ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«እናቴ፣ ካሳቫ ከነበርበሬው!»

«ልጄ፣ እህቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በናትህ ልቀቁን።»

«ውይ፣ ታማብሽ ነው? እንግዲያማ ደህና አድርገሽ ብዪ! የምታገኚውን ጽድቅ ለእሷ ታስተላልፊላታለሽ።»

«ጽድቁ አይደለም መድረስ ያለበት፣ እኔ ነኝ!»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ፣ በአንድ ጉንጩ ካሳቫ እንደያዘ፣ «ሴትዮ፣ በቬሳክ ቀን የሰው ጽድቅ አታሰናክዪ። ኃጢአት ነው!» አላት።

«አንተ ዋጥና ተናገር! ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አሉ፤ እኔን እኮ ገሃነም ቢወስዱኝ እንኳ በጊዜ አይደርሱም!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ሳቀ እንጂ አልተንቀሳቀሰም።

ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ዘንበል ስትል ወደ ከተማው መግቢያ ተጠጉ። እዚያ መንገዱ ላይ ባንዲራ ይዛ የቆመች ሌላ ነጭ ለባሽ ሴት አለች፤ ከኋላዋ በርሜል ሙሉ ቀይ ጣፋጭ ጭማቂ። ጉናሲሊ አላስቻላትም፤ ወርዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እህቴ፣ መንገዱን ክፈቺልኝ።»

«አንድ ብርጭቆ ጠጪና!»

«አልጠማኝም።»

«ምን ጥማት ያስፈልገዋል? ቬሳክ ነው እኮ!»

«የእህቴ ጣት ሊቆረጥ ነው። እኔን እየጠበቀች ነው።»

«አይዞሽ፣ ለእሷም በላስቲክ ቋጥረን እንሰጥሻለን» አለች ሴትዮዋ በፍጹም ደግነት፤ እንባዋም መጣ። ክፋት ቢሆንማ ኖሮ ጉናሲሊ ታውቅበት ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ስትታገል ኖራለች። ይህች ግን ከልቧ ነው የምታለቅሰው፤ እያለቀሰች ባንዲራውን አታወርድም። የእንባውን ያህል ባንዲራው ቢቀንስ ኖሮ አውቶቡሱ ባለፈ።

ጉናሲሊ ጭማቂውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጣ ብርጭቆውን መለሰች። «ሳዱ! ሳዱ! ሳዱ!» ብሎ አጨበጨበላት ሕዝቡ፤ አሜን እንደማለት ነው። እሷ ግን ወደ አውቶቡሱ አልተመለሰችም። ወደፊት ስታይ መንገዱ በባንዲራ ተሞልቷል፤ አይስክሬም፣ ሽምብራ፣ ደግሞ ሩዝ። ከጎዳናው ወረደችና ቀሚሷን ሰብስባ በሩዝ ማሳው ድንበር ድንበር ሄደች። ድምፅ ማጉያ በሰማች ቁጥር ታጎነብሳለች። እንደ ሌባ፣ ከበጎ አድራጊ ተደብቃ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት ሆስፒታሉ ደረሰች።

ሶማላታ አልጋዋ ላይ ናት። አስታማሚዎቹ ሊወስዷት ደጋግመው መጥተው ደጋግማ መልሳቸዋለች። ሐኪሙም ሌሎቹን በሽተኞች አስቀድሞ፣ ተቆጥቶ ወደ እነሱ ሄዷል።

«አካ፣ ምን ዋጠሽ?»

«አበሉኝ።»

«ማን?»

«ሁሉም።»

ሶማላታ የታላቅ እህቷን ጭቃ፣ ቀሚሷ ላይ የፈሰሰውን ቀይ ጭማቂ አየችና፣ ያ ሁሉ ሕመም እያለባት፣ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ጉናሲሊም ያዘቻት፣ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አልለቀቀቻትም።

ሐኪሙ ጣቷን ብቻ አልነበረም የቆረጠው፤ የእግሯን ግማሽ ነው። የዚያን ዕለት መዘግየት ያመጣው ይሁን፣ የዓመታት ስኳር ያመጣው፣ እሱም ደፍሮ አልተናገረም። ጉናሲሊ ግን ሁለቱንም የራሷ ጥፋት አድርጋ ወሰደቻቸው፤ መዘግየቱንም ስኳሩንም።

በዓመቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጉናሲሊ ተነሥታ፣ «ዘንድሮ አናስቆምም። ዳር ላይ ቆመን የራበው ካለ እንጠይቃለን» አለች።

«ከጠየቅናቸውማ አልራበንም ይላሉ!» አለ ዊጀፓላ።

«እንግዲያው አልራባቸውማ!»

«ሩዙን ታዲያ ምን እናድርገው? የራበው ሰው ከየት እናመጣለን?»

«ከኮረብታው ጀርባ፣ ከጎማ እርሻው ሠራተኞች ሰፈር። አብሬያቸው ስቧጭር እኮ ነው የምውለው፤ ለእራት የሚቀምሱት ሲያጡ አያለሁ።»

«እነሱማ አውቶቡስ አይደሉም፣ አካ። ማን ይቆጥርልናል?»

ነገሩ መነኩሴው ዘንድ ደረሰ። መነኩሴው ሁለቱንም ወገን ሰሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ሁለቱም መልካም ነው» አሉና ምሳቸው ቀረበላቸው። እንዲህ ያለ ፍርድ ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም አያበላም።

ስለዚህ የሆነው እንዲህ ነው። ጉናሲሊ አንዱን ድስት በጭቅጭቅ ነጥቃ በባጃጅ ጭና ወደ ሠራተኞቹ ሰፈር ላከች። ራሷ መንገዱ ዳር ቆመች፤ ሹፌር በፈቃዱ ሲቆም ደረጃው ላይ ትወጣና «የሚቸኩል አለ?» ትላለች። አንድ እጅ ከተነሣ «ሂድ፣ ማሊ፣ መንገድህ ይቅና!» ብላ ታሳልፈዋለች። ዊጀፓላ ደግሞ ትንሽ ወረድ ብሎ ባንዲራውን ዘርግቶ ያንኑ አውቶቡስ ያስቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ተሰዳደቡ። የላይኞቹ አሸነፉ፤ ሻይ ቤቱ እስካሁን ያወራዋል፤ ሄንወላን በአንዲት ግትር ሴት የተዋረደ መንደር ይሉታል። ሶማላታ በክራንቿ ሻይ ቤቱ በር ላይ ባለፈች ቁጥር ወሬው ይቋረጣል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላል።

አንባቢ ሆይ፣ ቬሳክን አታከብር ይሆናል፤ ባንዲራ ግን አታጣም። ልጅህን ያልጠየቀህን ምክር የምትግተው፣ ሐዘንተኛውን ዝም ማለት ሲፈልግ የምታስለፈልፈው፣ የታመመውን ጎረቤትህን ሊተኛ ሲል ጠያቂ ሆነህ የምትቀሰቅሰው አንተ ነህ። እባክህ፣ ደግነትህን ይዘህ በሰው መንገድ ላይ ከመቆምህ በፊት፣ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀው፤ መልሱንም ስማው።