የኮምፒውተር ጥሩምባ

ይህ የሆነው አምና በሐምሌ ነው። ሰው ሲያነሳብኝ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ሳስበው ግን እንባዬ ይመጣል። እስቲ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ነው። ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ የጭነት ወረቀት አዘጋጃለሁ። ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ ከኢንተርኔት በራሴ ተማርኩ። ትንሽ ነገር ያወቀ ሰው አርፎ አይቀመጥም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደመቀ ናቸው። አባታቸው ከባቡሩ ጋር የመጡ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ የሚያማርሩት ስለ መርዶ ነበር። አገር ቤት ጥሩምባ ነፊ አለ፤ እኛ ያለን የዋትስአፕ ግሩፕ ነው፤ እሱም በምርቃትና በቀልድ ስለሚጥለቀለቅ የሞተ ሰው ይጠፋበታል። እኔ አፌን ሞልቼ፣ ኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም እሠራልዎታለሁ አልኳቸው። ብዙው አባላችን ቢሮና ወደብ ስለሚሠራ ኢሜይሉን ቀኑን ሙሉ ያያል፤ ያየ ላላየ ይነግራል።

ጋሽ ደመቀ ደስ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። መርዶ በጅምላ አይነገርም፣ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይጠራ አሉ።

ሥራው ቀላል ነበር። ሌላ ሰው ጽፎ በነፃ ያስቀመጠው ኢሜይል መላኪያ ኮድ አለ። ከማን፣ ለማን፣ ርዕሱ ምን፣ መልእክቱ ምን እንደሆነ ትነግሩታላችሁ፤ ከዚያ ላክ ማለት ነው። አሥር መስመር ቢሆን ነው። ስሙን ከአባላት ዝርዝር እየወሰደ በየደብዳቤው እንዲያስገባ አደረግሁት።

ጉዱ የመጣው በሙከራው ነው። ለሙከራ ደብዳቤ ሟች ያስፈልጋል። በሕይወት ያለን ሰው አረፈ ብሎ መጻፍ ደግሞ ሟርት ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ተቀባይዋም እኔ፣ ሟቿም እኔ ሆንኩ። የሟች ስም የሚጻፍበት ቦታ ለብቻው ነበረ፤ ደብዳቤው ግን የተቀባዩንም የሟቹንም ስም ከአባላት ዝርዝር ይወስድ ነበር። እኔ ይህን በምን ልወቅ? ሁለቱም ቦታ ላይ የወጣው የኔው ስም ነው። የራሴን መርዶ አነበብኩ፣ አማተብኩ፣ ሠርቷል ብዬ ዘጋሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ደመቀ ቢሮ ደወሉልኝ። ለምለም የምትባል ልጅ ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ አርፋለች አሉኝ። ለምለም የውጭ አገር ሰዎች ቤት እዚያው እየኖረች ትሠራ ነበር። እድር ከገባች ገና ሦስት ወሯ ነው። እንደ ልቧ ወጥታ የምትገባ ስላልነበረች የሚያውቃት የለም ማለት ይቻላል። ዘመድም የላትም። አጎቷ ከአገር ቤት ደውሎ፣ እናትየዋ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው ብሏቸዋል። ልጄን የሚሸኛት ሰው ይኖር ይሆን?

"አላት ብዬዋለሁ" አሉኝ ጋሽ ደመቀ። "ቀብሩ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው። በይ እንግዲህ፣ ጥሩምባሽን ንፊ።"

ጊዜው ክፉ ነበር። ሙቀቱን ሸሽቶ ግማሹ ሰው አገር ቤት ገብቷል፤ የቀረውም ከሥራ በኋላ በር ዘግቶ ይተኛል። የለምለምን ስም በቦታው ጻፍኩና ላክሁ። ተልኳል፣ ተልኳል እያለ ወረደ። ደረቴን ነፍቼ ለጋሽ ደመቀ ነገርኳቸው።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ካርቲየ 5 ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ጽጌ ደወሉ።

"ልጄ፣ መሞቴን ከአንቺ ሰማሁ" አሉኝ ረጋ ብለው። "ለመሆኑ ማን ነው የሚገንዘኝ?"

የላክሁላቸውን ደብዳቤ ከፍቼ ሳየው፣ የተከበሩ ወይዘሮ ጽጌ፣ የእድራችን አባል ወይዘሮ ጽጌ ስላረፉ ዛሬ አሥር ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው ይሸኙ ይላል። ለሁሉም የራሱን ሞት ልኬለታለሁ። የለምለም ስም የትም የለም።

ማረሚያ ልላክ ብል ኢሜይሉ እምቢ አለ፤ ባንዴ ብዙ ስለላክሁ እስከ ነገ ዘግቶብኛል። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፤ በሳቅና በስድብ መሃል ተቀበረ። ስደውል የሁሉም መስመር ተይዟል፤ እርስ በርሳቸው መሞት አለመሞታቸውን እየተጠያየቁ ነዋ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለራሴ አይደለም የጨነቀኝ፤ ያቺ ልጅ በእኔ ሞኝነት ያለ ሰው ልትቀበር ነው ብዬ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ጋሽ ደመቀ ብቻቸውን ቆመዋል። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ትንሽ አሰቡና ወንበር ደርድሪ አሉኝ። ለማን ብዬ ልጠይቅ አልደፈርኩም።

መጀመሪያ የመጣችው የባሏን ኢሜይል ከፍታ መሞቱን ያነበበች ሴት ናት፤ ባሏን በክንዱ ጎትታ፣ ይኸው አለ ልትለን። ቀጥለው ወይዘሮ ጽጌ መጡ። ከዚያ ወደብ የሚሠሩት ከነቆባቸው ደረሱ፤ ማን ነው በቁሜ የቀበረኝ እያሉ። የተቆጣም፣ የሚስቅም፣ እውነት የደነገጠም ነበረ። ጋሽ ደመቀ ለእያንዳንዱ እጁን ይዘው፣ ለምለም የምትባል ልጃችን ናት፣ ሰው የላትም ይሉታል። ተመልሶ የሄደ አንድም ሰው አላየሁም። ወንበሩ አልቆ ሰው ግድግዳ ተደገፈ።

የለምለም አሠሪ ከልጆቿ ጋር መጥታ ነበር። ያን ሁሉ ሰው አይታ፣ ይህ ሁሉ ቤተሰቧ ነው ወይ ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀች። ጋሽ ደመቀ ዓይናቸውን እንኳ ሳያሹ "ዊ፣ ማዳም" አሏት።

አስከሬኑ ሲወጣ ከሁሉ በላይ ያለቀሱት ወይዘሮ ጽጌ ናቸው። በኋላ አጠገቤ ቆመው፣ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በወጉ ብትጽፊልኝ ኖሮ፣ የማላውቃት ናት፣ ሙቀቱም ከባድ ነው ብዬ እቀር ነበር" አሉኝ። አቀፍኳቸው።

ቀብሩን በስልክ የቀረጽነውን ቪዲዮ ለአጎቷ ላክንለት። እናትየዋ ደጋግማ አይታ፣ ይህ ሁሉ ሰው የልጄ ነው ወይ አለች አሉ።

ፕሮግራሙን በማግስቱ አስተካከልኩት፤ የአንድ መስመር ሥራ ነበር። ስሜም ጥሩምባ ሆኖ ቀረ፤ ጋሽ ደመቀ ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል። እኔም ዝርዝሩ ውስጥ ስላለሁ መርዶ ሲመጣ ይደርሰኛል። ከላይ የራሴን ስም አነባለሁ። ከሥሩ የማላውቀው ሰው ስም ይኖራል። ያን ቀን ስሟ ያልተጻፈው ለምለም ትዝ ትለኛለች፤ ነጠላዬን አንስቼ እሄዳለሁ።