የአቶ ባሳ ኮት

ይህን ለጥናት አማካሪዬ እንኳ አልነገርኩትም። ለማስተርስ ጥናቴ ሶዶ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት እመላለስ ነበር፤ ርዕሴ የሠራተኞች የሥራ ሰዓት አከባበር ነው። የቀረኝ ቃለ መጠይቅ የክፍል ኃላፊው የአቶ ባሳ ብቻ ነበር። ጸሐፊያቸው አስቴር በሄድኩ ቁጥር ወንበራቸው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ኮት ታሳየኛለች።

«አሁን ነው የወጡት መምህር። ኮታቸው አለ፣ ይመጣሉ።»

አንድ ቀን ሁሉም ለምሳ ወጥተው ብቻዬን ቢሮው ውስጥ ስጠብቅ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አንድ ሰውዬ ኮሪደሩን ገልመጥ አድርጎ ገባና ኮቱን አነሳ። ኮቱ ቢጠፋ ከእኔ ሌላ ማን ይጠየቃል? ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ኮቱን አስቀምጥ፤ ዘበኛ እጠራለሁ።»

«ኧረ ቀስ በል ወንድሜ» አለ ላብ በላብ ሆኖ። መታወቂያውን አወጣ። «ባሳ እኔ ነኝ። ሥራውን ትቼ ሁምቦ ንግድ ከጀመርኩ ቆየሁ። እዚያ ሙቀት ነው፣ ኮት አላስፈለገኝም ነበር። ዛሬ ግን ሠርግ አለብኝ።»

ገለል አልኩለት። ኮቱን ለብሶ ሹልክ ብሎ ወጣ።

አስቴር ከምሳ ስትመለስ ባዶውን ወንበር አየችና አዘነችልኝ።

«ይቅርታ መምህር፣ አቶ ባሳ ዛሬ አልገቡም።»