አራት ቀን የደበቅሁት መርዶ

የረግረግ ጭቃ ሲሸተኝ የወንድሜ ጀርባ ይታወሰኛል። ዛሬም ክረምት ገብቶ ነፋሱ ያንን ሽታ ወደ ወረታ ሲያመጣው፣ የሱቄን በር ይዤ ትንሽ እቆማለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ መስከረም ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ የመንደራችንን የቁሐር ሚካኤልን ሜዳ ውኃ ሲያለብሰው፣ ታላቅ ወንድሜ አዝሎኝ ወደ ትምህርት ቤት ያሻግረኝ ነበር። «እግርሽን ሰብስቢ እታለም፣ አልቅት እንዳይዝሽ» ይለኛል። እሱን ሲይዘው ግን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አባታችን የደብሩ ቄስ ነበሩ። ወንድሜ ድቁና ተቀብሎ በእግራቸው እንዲተካ ይመኙ ነበር፤ እሱ ግን አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ወታደር ቤት ገባ። አባቴ ስሙን ሳይጠሩ ከረሙ። መኮንን ሆኖ ለፈቃድ የመጣ ጊዜ ወሩ ኅዳር ነበር፤ የመቶ አለቃ ማዕረግ ያለበትን ልብስ አውልቆ፣ ማጭድ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ሩዝ አጨዳው ውስጥ ገባ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባቴ የነዶውን ክምር አዩና «እጅህስ አልረሳም» አሉት። ይቅርታቸው ይህችው ነበረች።

ጦርነቱ ሲነሣ ከእግረኛ ጦር ጋር ዘመተ። በስልክ ወታደሮቹን «ልጆቼ» እያለ ያነሣቸዋል፤ እሱ ራሱ ሃያ ስድስት ዓመት አልሞላውም። «ሳትወልድ ስንት ልጅ አደረስህ!» እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

በዓመቱ አጨዳ ሲደርስ፣ እኔ ወረታ መገናኛው ላይ ሻይ እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በክራንች የሚሄድ ወታደር ከመኪና ወርዶ፣ ሰው እያጠያየቀ መጣ።

«የመቶ አለቃው እኅት አንቺ ነሽ?»

ዓይኑን ሳየው ገባኝ። እሱ ራሱ ቆስሎ በወደቀበት ወንድሜ ተመልሶ እንዳነሣው፣ ጎትቶ ከገደሉ ሥር እንዳስጠጋው፣ ለሌላ ቁስለኛ ሲመለስ እንደተመታ ነገረኝ። ጓዶቹ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቀብረውታል። የስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ ሄደ።

ቤት ስደርስ እናቴ ለወንድሜ የጥር ሠርግ ያሰበችውን ሰንጋ ገለባ ታበላለች።

«የወንድምሽ ስልክ ሠራ?»

«አልሠራም እማዬ።»

አራት ቀን እንዲሁ አልኳት። አብሬያት አጨድሁ፣ ቀልድ ስታመጣም ሳቅሁ። በአምስተኛው ቀን አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከአጥሩ ደጃፍ አገኙኝ።

«ልጄ፣ እህል ከተውሽ ሰነበትሽ። ወንድምሽ አለ?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁት። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይበቃሻል። ለእናትሽ የምነግራት እኔ ነኝ» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤት ሰብስበው መርዶውን ተናገሩ። ሰው ሁሉ ሲጮኽ እናቴ ብቻ ወደ እኔ ዞረችና «የዚያን ቀን እህል ቀምሶ ነበር?» አለችኝ።

ወታደሩን ይህን አልጠየቅሁትም ነበር። «አላውቅም» ስላት ነው ደረቷን መምታት የጀመረችው።

ወታደሩን በሰጠኝ ቁጥር አስደውላ አስጠራችው። በአርባው ቀን መጣ። ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰው ያንኑ ጠየቀችው።

«በልቶ ነበር እማማ። ጠዋት አንድ ላይ በሶ በልተናል» አላት።

እውነቱን ይሁን ለእሷ ብሎ ይሁን እስካሁን አላወቅሁም፤ እንዳውቅም አልፈልግም። በእጇ አጎረሰችው። ከዚያ የወንድሜን መደብ አንጥፋ ጋቢ ደረበችለት፤ መንገድና ሕመም ያደከመው ልጅ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ከሰዓቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዝንቡን ስታባርርለት ዋለች። ሊያጽናናት የመጣ ሰው ከበር ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ እጇን ታነሣና በሹክሹክታ «ቀስ በሉ፤ ልጁ ተኝቷል» ትል ነበር።