መርዶውን የቀደመው ብሎግ

ባለቤቴ ብሎግ የከፈተው ለመጽሐፉ አሳታሚ ባጣ ጊዜ ነው። አቃቂ በሰቃ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሲወጣ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ይልና አጭር ታሪክ ጽፎ፣ እዚያው ለጥፎ ይመጣል። ስለ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች፣ ወደ ቃሊቲ ስንቅ ስለሚያመላልሱ እናቶች ይጽፍ ነበር።

«ደራሲ መጽሐፉን ይጽፋል እንጂ እየቆነጠረ አይበትንም» እለዋለሁ።

«አንባቢ አለኝ እኮ!»

«አንባቢህማ አንተው ነህ። እየከፈትክ እየዘጋህ ቁጥሩን ታበዛለህ።»

«እህቴን ረሳሻት?» ይልና ይስቃል።

ታናሽ እህቱ ናዝሬት ነው የምትኖረው። ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት የእሱን ገጽ በስልኳ ሳትከፍት አትወጣም።

ያረፈው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነው፤ ድንገት። የዕድሩ ሽማግሌዎች መከሩ። በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ አይነገርም። ማልደው ናዝሬት ሄደው፣ ጎረቤቶቿን ይዘው እህቱን ሊያረዷት ተስማሙ። እኔም እስኪነጋ ድምፄን እንዳላሰማ ተነገረኝ።

የተሳፈሩባት ሚኒባስ ዱከም ላይ ጎማዋ ፈነዳና ዘገዩ። ሲደርሱ በሯ ተቆልፏል። እሷ ወደ እኛ ስትመጣ በመንገድ ተላልፈዋል። አንድ የማናውቀው አንባቢ፣ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ከመጨረሻው ታሪክ ሥር «ነፍስህን ይማር፣ መምህር» ብሎ ጽፎ ኖሯል። እሷ ገጹን እንደ ልማዷ ስትከፍት ያገኘችው ያንን ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከሰው አፍ ብሰማው ምን ነበረበት?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይሄ ብሎግ የምትሉት ከእኛ ቀድሞ መርዶ ነጋሪ ይሁን? ዝጊው፣ ልጄ» አሉኝ።

መዝጋቱ ግን አልሆነልኝም። ታሪኮቹ ሌላ የትም የሉም፤ በወረቀት የቀረ አንድም የለም። ቢሆንም ሐዘኑ የእህቱም ነውና፣ ዝጊው ካለችኝ ልዘጋው ቆረጥኩ። አርባው ካለፈ በኋላ ጠየቅኋት።

«አትዝጊው፣ እትዬ። እኔ ግን ከእንግዲህ አልከፍተውም። ጣቴ እምቢ ይለኛል።»

ብሎግ ለደራሲ ይበጃል ወይ እያልኩ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ማንም መጥቶ ከሥሩ ሞቱን አይጽፍበትም ነበር። ግን መጽሐፍ አልሆነለትም። የተነበበው እዚያ ነው።

ያን ዕለት፣ ገጹን የከፈትኩበትን ስልኬን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዘችኝ። «አንቺ አንብቢልኝ።»

ሁለት ታሪክ አነበብኩላት። ሁለተኛው መሐል ላይ ሳቀች፤ ስቃ ሳትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ማንበቤን እዚያው ላይ አቆምኩ።