ከአጥሩ ማዶ ያለው ጉድጓድ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ጎባ ከተማ ውስጥ ነው። ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን እስካሁን ዝናብ በጠና ቁጥር ትዝ እያለኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ያኔ ሮቤ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ ተስፋዬ የእህል መኪና ሾፌር ነበር። ሥራው ወደ ጎባ ሲዛወር የራሳችንን ቤት ለመግዛት ቆረጥን። አቶ መኩሪያ የሚባሉ በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ቤታቸውን ሸጠው ናዝሬት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ መሆኑን ሰማን። ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ጎን ለጎን። አንዱ ተወርሶ አንዱ ቀርቶላቸዋል። የቀረላቸውን እንዲሸጡ ቀበሌው ፈቅዷል።

ቤቱ ያምራል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሰንሰለቱን ሲስቡት ውሃ ይለቃል። በጎባ ብርድ ወደ ጓሮ ከመውጣት መገላገል ቀላል ነገር አይደለም። ተስፋዬ ሰንሰለቱን ደጋግሞ ሳበው። በሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ ደግሞ ልብስ ስገዛ ገልብጬ ስፌቱን ሳላይ ገንዘብ የማላወጣ ሰው ነኝ። «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኳቸው።

«ወደ ጓሮ ነዋ፣ ልጄ። ደህና ጉድጓድ አለው፤ በደህና ጊዜ የተሠራ።»

ጉድጓዱን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። በእጃቸው ወደ አጥሩ አመለከቱና ወሬ ቀየሩ። በማግስቱ ግንበኛ ጠርተው አስመረመሩልን፤ ግንበኛው ግን የክርስትና ልጃቸው ነው። በሩን በቅጡ ሳያልፍ «ምንም እንከን የለበትም» አለ። ሊያዋውሉን የመጡት የዕድሩ ዳኛም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የራሴን ሰው አምጥቼ ሳላሳይ አንፈርምም» አልኩ።

የዕድሩ ዳኛ «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» ብለው የጥርስ ሳቅ ሳቁ። ተስፋዬ መንገድ ላይ «ሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ፤ ቤቱ ቢያመልጠን ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ያን ገንዘብ እኮ ያጠራቀምነው እሱ በየመንገዱ እያደረ፣ እኔ ወገቤ እስኪቀነጠስ እየሰፋሁ ነው። «ያምልጠን! ሳላይ አልገዛም» አልኩት።

ጎባ ውስጥ ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ባፈላልግ፣ ከአቶ መኩሪያ ጋር በዝምድና፣ በዕድር ወይም በክርስትና ያልተሳሰረ አጣሁ። ስለዚህ ሮቤ ወደሚኖሩት ቧንቧ ሠራተኛ፣ ወደ ኦቦ ከድር ሄድኩ። «ከጎሮ ከተማ እስከ አንገቱ ከተማ እኔን የማያውቅ ቱቦ የለም» የሚሉ ጉረኛ ናቸው።

«ቤቱን ወደሽዋል?» አሉኝ።

«ወድጄዋለሁ።»

«እንግዲያው ደህና ነው እንድልሽ ነው የምትፈልጊው።»

«አይደለም፤ ያዩትን እንዲነግሩኝ ነው።»

«ደህና ቢሆንም ባይሆንም ዋጋዬ ያው ነው። ሰውዬውን አላውቃቸውም፤ ድግሳቸውንም አልበላሁም» አሉና ዕቃቸውን አነሱ።

ኦቦ ከድር ጓሮውን በፌሮ ብረት እየወጉ ዞሩት። ጉድጓድ የሚባል የለም። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጀምረው አፈሩን እየጫሩ ቱቦውን ተከተሉት። ቱቦው በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ ጎረቤት ገባ።

ማዶ ያለው የተወረሰው ቤት ነው። ቀበሌው ለአዴ ፋጡማ አከራይቶታል። አዴ ፋጡማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቅቤ እየነገዱ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው።

«እሱ የድሮ ቱቦ ነው፤ ተዘግቷል» አሉ አቶ መኩሪያ። ድምፃቸው ከፍ ብሏል። እኔ ቀጥታ ገበያ ወጥቼ፣ ሰፌድ የሚሰፉ ሴቶች አለላ የሚነክሩበትን ቀይ ቀለም ገዛሁ። በባልዲ በጥብጬ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋሁትና ውሃ ለቀቅሁበት። ከዚያ ከኦቦ ከድር ጋር ወደ ማዶ ዞርን።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» አሉ ኦቦ ከድር።

«ኑ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» አሉ አዴ ፋጡማ። እዚያ አካባቢ የሚያዥ ውሃ እንዳለ ስጠይቃቸው ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዱን። «እዚህ ጋ በጋም ክረምትም አይደርቅም። ወላሂ፣ ምንጭ መስሎኝ ጎመን ተከልኩበት።»

ጎመኑማ ያምራል። ቆመን ጠበቅን። ከቆይታ በኋላ ከጎመኑ ሥር ቀይ ውሃ ብቅ አለ። አዴ ፋጡማ «ያ ረቢ! ደም!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ።

ደም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ኦቦ ከድር ግን እኛን አይሰሙም፤ ከጎመኑ አጠገብ ያለችውን የጭቃ ክፍል ነው የሚያዩት። ልጆቹ ሲያድጉ ቤቱ ጠቧቸው በቀበሌ ፈቃድ የቀጠሏት ናት። ልጆቹ እዚያ ይተኛሉ። ኦቦ ከድር ገብተው ወለሉን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። ባዶ በርሜል ላይ የቆሙ ይመስል ነበር።

«ልጆቹን አስወጪ» አሏቸው አዴ ፋጡማን ቀስ ብለው። ያ ሁሉ ጉራ ከፊታቸው ጠፍቷል።

አልጋውን አወጣን። አፈሩ ሲጫር የባሕር ዛፍ ግንድ ታየ። ፌሮውን ሲጫኑት እንጨቱን እንደ ዳቦ በስቶት ገባ። እስከ እጀታው ቢሰዱትም መሬት አልነካም።

አቶ መኩሪያ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ሲያዩት በሩን ይዘው ቆሙ። «ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ በግንድ አስረብርቤ አፈር ያለበስኩት። ከወረሱኝ ወዲህ በዚያ አጥር ላይ ቀና ብዬ አላየሁም፤ እልህ ያዘኝ። ክፍል እንደተሠራበት አላወቅሁም፣ ልጄ።»

አመንኳቸው። «ተዘግቷል» ያሉኝን ግን አልረሳሁላቸውም። እሳቸውም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ የልጆቹን ፍራሽ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ራሳቸው ሳሎን ወሰዱት።

ቀበሌ ሄደን አመለከትን። ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ይያዝ ተባለ። ዝናቡ ግን አጀንዳ አልጠበቀም። በዚያው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኔም ለልጆቹ ብርድ ልብስ ይዤ አቶ መኩሪያ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከባድ ዝናብ ወረደ። ከማዶ እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር ተሰማ። ሮጠን ወጣን። የክፍሏ ወለል ከነአንድ ጎን ግድግዳዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አልጋው ቆሞበት የነበረው ቦታ ጥቁር ውሃ ሆኗል።

አዴ ፋጡማ አላለቀሱም። ወደ ሳሎኑ ተመልሰው ልጆቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ እግራቸውን ዳሰሱ። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ልጅ ጀመሩ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በኋላ ጉድጓዱ ተመጥጦ በድንጋይ ተሞላ። አቶ መኩሪያ በራሳቸው ወጪ በእኛ በኩል አዲስ አስቆፈሩ። ኦቦ ከድር ሁለት ጊዜ አስፈርሰው አሠሩት፤ በሦስተኛው «ይሁን» አሉ። ከዚያ ፈረምን። ዛሬም የምኖረው እዚያው ነው፤ የአዴ ፋጡማ ልጆችም ወልደው ከብደዋል።

ቤት ሊገዛ ምክር የሚጠይቀኝን ሁሉ የምለው አንድ ነው። የሻጩን ግንበኛ አመስግነህ ሸኘው፤ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ሰው አምጣ፤ ቱቦው የት እንደሚያልቅ በዓይንህ እይ። ሰው ቅር ይለዋል ብለህ አትፍራ፤ ቅሬታ ይሽራል። ችኮ የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ያን ዕለት ሽማግሌ አፍሬ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ፣ የእኔ ቤት ውሃ የእነዚያን ልጆች ወለል ከሥር ሲበላ፣ እኔ ምንም ሳላውቅ ደስ ብሎኝ እኖር ነበር።