ሲያዳምጡት የማይታመም ሞተር

በየጠዋቱ፣ ቱታውን ከመልበሱ በፊት፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ረጅሙን ካቻቢቴ ያወጣል። ፊቱ የቆመውን መኪና ያስነሳል፤ ኮፈኑን ይከፍታል፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ጋር ያጣብቃል። ዓይኑን ይጨፍናል። ጥቂት ቆይቶ ጫፉን አንድ ስንዝር ያህል ያዛውርና እንደገና ያዳምጣል። በዚህ ጊዜ ደፍሮ የሚያናግረው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ስለኖረ የጋራዡ ሰው ሁሉ «አዳማጩ» ነው የሚለው። ሚስቱ ሳትቀር፣ «እኔ ስናገር ብቻ ነው ጆሮህ የሚደፈነው፤ ካቻቢቴ ላቀብልህ እንዴ?» እያለች ትቀልድበታለች።

ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ጉልበት አጣ ተብሎ ሲመጣና ሌላው መካኒክ ሞተር ለማውረድ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ እሱ ጥቂት አዳምጦ «የአየር ማጣሪያው ነው፤ አቧራ ጠጥቶ ታፍኗል» ይላል። ሲፈቱት እንዳለው ይገኛል። መሪው ይንቀጠቀጣል ብሎ ሹፌሩ መሪውን ሲረግም፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማውን በመዳፉ ይዳስስና በአንድ ወገን ያበጠውን ያሳየዋል። ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ የሚጎትተውን፣ ማርሽ ሲገባ የሚያጓራውን፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚለውን ሁሉ ጠባዩን ያውቀዋል።

ይህ ሰው በአንዲት ነጭ የመስክ መኪና ምክንያት ነገሩ ሁሉ ዞረበት።

መኪናዋም ጋራዡም በየገጠሩ የውሃ ፓምፕ የሚተክልና የሚጠግን የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ናቸው። መኪናዋን የሚነዳት የአዳማጩ ታናሽ እህት ባል ነው። ሁለቱ አሥራ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ሠርተዋል፤ «አማቼ» እየተባባሉ ሲሰዳደቡ ውለው ማታ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሹፌሩ ፓምፕ ጠጋኞቹን ይዞ ከሄደበት መስክ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

«መንገድ ላይ ቀጥ አለችብኝ» አለ። «አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምንም ሳትል ከሄደች በኋላ ጉልበቷ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ጠፋች። ሩብ ሰዓት ቆሜ ብሞክራት ተነሳች። ትንሽ ሄዳ ደግሞ ጠፋች።»

«አንተ እየነዳሃት እንዴት አትጠፋም» አለ አዳማጩ። «ተዋት፣ ነገ አያታለሁ።»

በማግስቱ አዳመጣት። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይመታል። ናፍጣው ውሃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ብሎ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሳው፤ ንጹሕ ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየረ። ከዚያ ለሙከራ ይዟት ወጣ።

ለሙከራ ሲወጣ የራሱ ደንብ አለው። የነዳጅ ጌጅ አያምንም፤ ተበላሸ ተብሎ ተጎትቶ የመጣ ስንት መኪና ታንኩ ባዶ ሆኖ አግኝቷል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ዳር ይዞ ይቆምና የታንኩን ክዳን ይከፍታል፤ ምልክት የተቀረጸበትን ቀጭን ዘንግ ነክሮ መኪናዋ ስንት እንደጠጣች ይለካል፤ በትንሽ ደብተር ጽፎ ጉዞውን ይቀጥላል። ነጯን መኪናም እንዲሁ እየለካ ሦስት ሰዓት ነዳት። አንድም ጊዜ አልጠፋችም።

«ደህና ናት» አለው አማቹን።

ሹፌሩ ይዟት ሄደ። በአንድ ሰዓት ተኩሉ ጠፋች።

አዳማጩ ደግሞ ተቀበላት። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ቀየረ። ሦስት ሰዓት ነዳት፤ ምንም የለም። ሹፌሩ ሲወስዳት ጠፋች። በሦስተኛው የናፍጣ ፓምፑን አውርዶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ገጠመ። እሱ ሲነዳት ትሄዳለች፤ አማቹ ሲነዳት ትቆማለች። ምሳውን መብላት እስኪያቅተው አሰበበት። ሙቀት ይሆን? እሱም በሙቀት ነድቷታል። ጭነት ይሆን? ሁለት አሮጌ ሞተር ጭኖ ሞክሯታል። የቀረው ልዩነት ሹፌሩ ብቻ ነበር። እዚህ ሐሳብ ላይ ሲደርስ ራሱን ይነቀንቅና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የሥምሪት ኃላፊው ግን ራሱን አልነቀነቀም። ሹፌሩ መንገድ ላይ የራሱን ጉዳይ ይፈጽማል ብሎ ካሰበ ቆይቷል። አዳማጩን ቢሮው ጠርቶ ያገኘውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዘው። አዳማጩም ያየውን ጻፈ፤ አንድ መስመር ነበር፦ «ተሽከርካሪው በተደጋጋሚ ተፈትሾ ብልሽት አልተገኘበትም።» ፈርሞ ሰጠ። ዓርብ ዕለት ሹፌሩ መኪናዋን ሰኞ አስረክቦ በዋናው በር ገቢና ወጪ መዝጋቢ እንዲሆን ደብዳቤ ተዘጋጀ። ደብዳቤው ላይ የጎደለው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን እህቱ እሳት ጎርሳ ጋራዥ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ባሌ ውሸታም ነው?»

«አላልኩም።»

«ጽፈሃል።»

«የጻፍኩት ብልሽት አላገኘሁም ብዬ ነው።»

«አንተ ካላገኘህ ማን ቀረ? እሱ የማያገኘው የለም ሲሉህ ሃያ ዓመት ደረትህን ነፍተህ ኖርክ። ይኸው ጉራህ በባሌ ወጣ። ሰውዬው መሪ ከያዘ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳ ሲጽፍ ልታየው ነው?»

አዳማጩ በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ፣ ዘርግቶ፣ ደግሞ አጣጠፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ነገ አብሬው እሄዳለሁ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ለአንድ የገጠር ውሃ ጣቢያ የሚደርስ ፓምፕ ጭኖ ወጣ፤ አዳማጩ ካቻቢቴውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ከከተማ ወጡ።

«ዛሬ ካልጠፋች አለቀልኝ» አለ ሹፌሩ። «መኪናዬ ባትበላሽ ብዬ ስጸልይ ኖሬ፣ ዛሬ ተበላሺልኝ ብዬ እየለመንኳት ነው። አየህ ወዴት እንዳደረስከኝ?»

«መንገዱን እይ።»

«እያየሁ ነው። ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ አቁም እንዳትለኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

አዳማጩ አቁም አላለውም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሩብ ተጨመረ። ትንሽ አቀበት ላይ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሹፌሩ ነዳጁን ቢረግጥም አልመለሰችለትም፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቀቻቸውና ጠፋች።

«ተመስገን!» ብሎ ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ደበደበ። «አየህ? አየሃት? በዓይንህ በብረቱ!»

አዳማጩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። «አስነሳ» አለ። ካቻቢቴውን እያዛወረ አዳመጠ። ሞተሩ ይዞራል፤ የሚያንኳኳ የለም፤ የሚፋጭ የለም፤ ግን አይነሳም። ሞተሩ አጠገብ ያለውን፣ ናፍጣ በእጅ የሚሳብበትን ትንሽ ፓምፕ ተጫነው። መጫኛው ወደ ታች ገባና እዚያው ቀረ። ወትሮ ጣት ሲነሳለት ተፈናጥሮ የሚመለስ ነገር፣ አንዳች ነገር ከሥር እየጎተተው እንደያዘው ሁሉ አልመለስም አለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየው።

«ናፍጣ አልቆ ይሆናል» አለ ለራሱ። «ዘንጌን አምጣልኝ፤ የታንኩን ቁልፍም።»

«የምን ቁልፍ?»

«የክዳኑን ነዋ።»

ሹፌሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «እኔ እኮ ሌባ ነኝ አማቼ። ቁልፍ ይሰጠኛል? ጠዋት ሲሞሉልኝ የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ራሷ ትከፍታለች፣ ራሷ ትቆልፋለች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ላንተ ነው የምትሰጠው።»

አዳማጩ የጎማ መፍቻውን ብረት አነሳ። ክዳኑ ሥር አስገብቶ በክብደቱ ተጫነው። ቁልፉ ተሰበረ፤ ክዳኑ ፈቀቅ ሲል ታንኩ በረጅሙ «ፍ-ስ-ስ-ስ» ብሎ አየር ሳበ፤ ከውሃ ሥር ቆይቶ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ። አየር መሳቡ አላልቅ አለው። ከፊት ደግሞ ያቺ ተጭና የቀረችው የፓምፕ መጫኛ ተፈናጥራ ስትመለስ «ጠቅ» የሚል ተሰማ።

ሹፌሩ ምንም ሳይባል ገብቶ አስነሳት። ተነሳች።

አዳማጩ ክዳኑን በእጁ ይዞ ቆመ። ገለበጠው። የጎማ ቀለበቱ ሙሉ ነው፤ ቀዳዳ የሚባል የለውም። ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ናፍጣውን መልሶ እንደሚጎትት የሥራ ጀማሪም ያውቃል። የድሮው ክዳን ለዚሁ የምታገለግል ትንሽዬ መተንፈሻ ቀዳዳ ነበረችው። ይኼኛው የለውም። መኪናዋ ስትቆም በጠርዙ በኩል ጥቂት ጥቂት አየር ትስብና ትነሳለች፤ ስትሄድ ደግሞ ትታፈናለች። እሱ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን እየከፈተ ሲለካ፣ ሳያውቀው ሲያስተነፍሳት ነበር የከረመው። በሚመረምርበት በዚያው እጁ ያድናት ነበር።

«ከመቼ ወዲህ ነው ይኼ ክዳን?» አለ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«መጀመሪያ መንገድ ላይ ከጠፋችብህ ሳምንት ወዲህ። ነዳጅ ይሰረቃል ተብሎ በቁልፍ ይሁን ሲባል።»

«የት ተገኘ?»

«ግቢ ውስጥ ከወደቀው አሮጌ ቀይ የጭነት መኪና ላይ ተፈቶ፤ የዚያኛው ታንክ የሚተነፍሰው በሌላ ቦታ ነው።»

«ማን ገጠመው?»

አዳማጩ የጎማ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ «እኔ» አለ። «ልክክ ብሎ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። አዳማጩ ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልሰደበውም። አጠገቡ ቆሞ ክዳኑን ከእጁ ወሰደና አገላብጦ አየው።

«ማጣሪያ ቀየርክላት» አለ ቀስ ብሎ። «ቱቦ ቀየርክላት። ፓምፕ አወረድክላት። በመጨረሻ ሹፌሯን ልትቀይርላት ምን ቀረህ?»

የታንኩን አፍ በጨርቅ ላላ አድርገው ሸፍነው ፓምፑን አድርሰው ተመለሱ። ሲሄዱም ሲመለሱም አልጠፋችም። አዳማጩ በመንገዱ ሁሉ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ በዚህ ዘንጉ ሲለካ ያዳናቸው፣ ሳይገባው «ጠገንኩ» ብሎ የመለሳቸው መኪኖች ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞከረ። አራተኛው ላይ ሲደርስ እርግጠኛ መሆን አቃተውና ተወው። ግራ መጋባቱ ግን አልተወውም፤ ብልሽቱ ከተገኘ በኋላ ይብስ ጀመር።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ወረቀት ይዞ የሥምሪት ኃላፊው ቢሮ ገባ። የሹፌሩ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እስክሪብቶው ከላዩ ተጋድሟል።

ኃላፊው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ባለፈው ሳምንት ብልሽት የለም አልክ። ዛሬ አለ ትላለህ። የትኛውን ልመን?»

«የዛሬውን ጌታዬ።»

«አማችህ ነው።»

«ነው።»

«እንግዲያው ሰዉ ለአማቹ ጻፈለት ቢል ምን ልመልስ?»

አዳማጩ ከኪሱ ሁለት ክዳኖች አወጣ፤ አንዱ ቁልፉ የተሰበረ፣ አንዱ ከንብረት ክፍል ጣሳ ውስጥ ፈልጎ ያገኘው የድሮው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸውና፣ «ይንፏቸው» አለ።

«ምን?»

«አፍዎ ላይ ያድርጉና ይንፉ። የድሮውን በመጀመሪያ።»

ኃላፊው በሩን አየ፤ ማንም አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ የድሮውን ክዳን አፉ ላይ ገጥሞ ነፋ። ቀጭን ፉጨት ወጣ። ባለቁልፉን አነሳና ነፋ። ጉንጩ አበጠ፤ ፊቱ ቀላ፤ ምንም አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ክዳኑን አስቀምጦ ከንፈሩን በመሐረብ ይጠርግ ጀመር፤ ናፍጣው ግን ቶሎ የሚለቅ አልነበረም።

«ይህን የገጠመው ማን ይባል?» አለ መሐረቡን ሳያወርድ።

«ወረቀቱ ላይ አለ። እኔ ነኝ።»

«ገብቶሃል ምን እንደጻፍክ?»

«የመጀመሪያው ወረቀት ነው ያልገባኝ ጌታዬ፤ ይኼኛውስ ገብቶኛል።»

ኃላፊው የሹፌሩን ደብዳቤ አንስቶ ትንሽ ያዘው። አልቀደደውም፤ ሳይፈርም መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሌላ ባዶ ወረቀት አወጣና የአዳማጩን ሙሉ ስም እስከ አያቱ ጠየቀው።

ነጯ መኪና በድሮ ክዳኗ፣ በዚያው ሹፌር፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መስክ ትወጣለች። በአዲሱ ደብዳቤ መሠረት ደግሞ አዳማጩ የጠገነው መኪና ሁሉ ከአሁን በኋላ ከግቢ የሚወጣው ሌላ መካኒክ አብሮ ሲፈርምበት ነው።